የገብሴ ምጥ

እናቴ ሆስፒታል የሄደች ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ነው አደራ ያለችኝ፤ ገብሴን ጥሬ እንዳልነሳት።

ገብሴ ዶሯችን ናት። ስሟን ያገኘችው ከላባዋ ነው፤ ገብስማ ነበረች። እናቴ ለፋሲካ እንድትታረድ ከገበያ ገዝታት ስትመጣ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኗ ላይ እንዳለች እንቁላል ጣለችባት። እቤት ስትደርስ አባቴ ቢላዋውን ስሎ ይጠብቅ ነበር። እናቴ የቆሸሸ ቀሚሷን አሳየችውና፣ "እንግዲህ ጭኔ ላይ የወለደችውን ማን ያርዳታል?" አለችው። ያን ፋሲካ ያለ ዶሮ ወጥ ዋልን።

ከዚያ ወዲያ ገብሴ ከእናቴ እግር ሥር ጠፍታ አታውቅም። እናቴ ልብስ ስታጥብ ሳፋው አጠገብ ትቆማለች፤ ሽንኩርት ስትልጥ ነጠላ ጫማዋ ላይ ትተኛለች። እናቴም ታወራታለች። የጎረቤቱን ወሬ፣ የገበያውን፣ የአባቴን ኩርፊያ ሁሉ የምትነግረው ለእሷ ነበር። የእናቴ ሆድ እየገፋ ሲመጣ፣ ሁለቱ ተከታትለው ግቢ ውስጥ እየተወዛወዙ ሲሄዱ ሳይ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ እስቅ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነበር።

የምንኖረው ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ያን ጊዜ ገና ኮብልስቶን ያልተነጠፈበት ቅያስ ውስጥ ነው። አባቴ ሞገስ ይባላል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ያን ጠዋት ዋናው መንገድ ድረስ ሮጦ ባጃጅ ይዞ ሲመጣ፣ እናቴ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል። ጎንበስ ብላ ልትስመኝ ፈለገች፤ አልቻለችም። እኔ በእግር ጣቶቼ ቆሜ እጇን ሳምኳት።

"ሳዩ፣ ገብሴን ጥሬ አትንሻት። ቶሎ እመጣለሁ" አለችኝ።

ስሜ ሳያት ነው። እንደዚያ ያቆላመጠችኝ የመጨረሻ ጊዜ መሆኑን ማን ያውቃል? እኔ ያን ሰዓት የማስበው እትዬ ብርቅዬ ቤት ስለማድር ነበር። እዚያ ቴሌቪዥን አለ።

እትዬ ብርቅዬና ባላቸው ጋሽ አምሳሉ ከእኛ ሁለት ቅያስ አለፍ ብለው ነው የሚኖሩት። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ወጥተዋል። ጋሽ አምሳሉ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። እትዬ ብርቅዬ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ይዘምራሉ፤ ልብስ ሲያጥቡም፣ ጎመን ሲቀነጥሱም ይዘምራሉ። ገብሴን በፓስታ ካርቶን ይዤ ስገባ እየሳቁ ተቀበሉኝ። "ሁለት እንግዳ መጣብኝ" አሉ። ካርቶኑን ጓሮ፣ ከቤቱ ጥግ አስቀመጥንላት።

ገብሴ ያን ቀን ጥሬ አልበላችም። እናቴ ናፍቃት ነው ብዬ አሰብኩ። ማታ እንቁላል ፈልጌ ካርቶኑን ዳበስኩ፤ የለም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ብርቅዬ ቧንቧው ሥር ባልዲ ደቅነው ውሃ ይቀዳሉ። ይዘምራሉ። የበሩ መዝጊያ ተንጓጓና ብዙነሽ ገባች። ብዙነሽ የእናቴ ጓደኛ ናት፤ ልብስ ሰፊ። ሁልጊዜ ገና ከበር ላይ ስሜን እየጠራች ነበር የምትገባው። ያን ቀን አልጠራችኝም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳዋለች። እኔ ከካርቶኑ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ስለነበር አላዩኝም።

እትዬ ብርቅዬ ቀና ብለው አዩዋት። መዝሙሩ ቆመ። ብዙነሽ ምንም ሳትናገር፣ "ልጁስ?" አሉ።

"ሁለቱም" አለች ብዙነሽ።

እትዬ ብርቅዬ እዚያው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አሉ። ባልዲው ሞልቶ ውሃው በቀሚሳቸው ሥር ይሄዳል፤ አልተነሱም። እኔ ሮጬ ቧንቧውን ዘጋሁት። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ከዚያ እትዬ ብርቅዬ ጎትተው ደረታቸው ላይ ለጠፉኝና ያለቅሱ ጀመር።

እኔ ግን ሰምቻለሁ። ልጁስ ሲባል ሁለቱም ከተባለ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እናቴ መንታ ወልዳለች። እትዬ ብርቅዬ እንደሆኑ ደስ ሲላቸው እንደሚያለቅሱ አውቃለሁ፤ አንድ እሑድ ይዘውኝ ሄደው መዝሙሩ መሃል እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እንባቸው ሲወርድ አይቻለሁ። "ለምን ያለቅሳሉ?" ስላቸው፣ "ደስታ ነው የኔ ልጅ" ብለውኛል። ስለዚህ ለምን እንደሚያለቅሱ አልጠየቅኋቸውም። ጀርባቸውን መታ መታ አደረግሁላቸው።

ቀኑን ሙሉ ያየሁት ነገር ሁሉ ይህንኑ አረጋገጠልኝ። በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ፣ የድንኳን ብረትና አግዳሚ ወንበር የጫነ ጋሪ ወደ እኛ ቅያስ ታጠፈ። ትልልቅ ድስት የተሸከሙ ሴቶች ተከተሉት። የጎረቤታችን ልጅ ክርስትና ሲነሳም እንዲሁ ነበር የተደረገው። ወደ ቤት ልሂድ ስል እትዬ ብርቅዬ ከለከሉኝ። "አባትሽ መጥቶ ይወስድሻል" አሉኝ፤ ቴሌቪዥኑንም ከፈቱልኝ። የመጡ ሴቶች ሁሉ በር ላይ ቆመው ያዩኛል፤ አንዳንዷ ትስመኝና ፊቷን ሸፍና ትወጣለች። እንዲህ የሚወደድ ልጅ መሆኔን አላውቅም ነበር።

የሚያሳስበኝ ገብሴ ብቻ ናት። ላባዋን ነፍታ፣ ጅራቷን ወደ ታች ጥላ፣ እግሮቿን አራርቃ ቆማለች። ቁጢጥ ትላለች፣ ታምጣለች፣ ትነሳለች። ምንም የለም። እንደገና ቁጢጥ ትላለች። ምንቃሯን ከፍታ ትተነፍሳለች።

ወደ ቤት ገብቼ፣ "እትዬ፣ ገብሴንም ምጥ ይዟታል" አልኳቸው።

እትዬ ብርቅዬ የያዙት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ እስኪቀመጥ ዘገየ። ብዙነሽም ነበረች። "በእንዲህ ያለ ቀን የዶሮ ነገር ይወራል እንዴ? ሳትሞት ትታረድ" አለች፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

"የናርዶስ ዶሮ ናት" አሉ እትዬ ብርቅዬ።

ናርዶስ እናቴ ናት። ብዙነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘችና ወደ ጓዳ ገባች።

ጋሽ አምሳሉ ከቀትር በኋላ መጡ። የእሑድ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጫማቸው እርጥብ አፈር በአፈር ሆኗል። ገጠር ከብት ሊያዩ ሄደው ይሆናል አልኩ በልቤ። ከብት ለማየት ኮት እንደማይለበስ ማሰብ አልቻልኩም። አፈሩ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አፈር እንደነበር፣ እሳቸውም ወደ ድንኳኑ ሊመለሱ ልብስ ለመቀየር ብቻ እንደገቡ ያወቅሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

እትዬ ብርቅዬ በሩ ላይ በሹክሹክታ ነገሯቸው። ጋሽ አምሳሉ ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉና የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቀለሉ።

"እስቲ የት አለች?" አሉኝ።

ገብሴን አንስተው ሆዷን በጣታቸው ቀስ ብለው ዳበሱ። "ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ ነው" ብለው እጄን አስነኩኝ። ከላባው ሥር ድንጋይ የመሰለ ነገር አለ። "እንቁላሉ መውጫዋ ላይ ተቀርቅሯል። መግፋት አቅቷታል።"

"ይጎተት?"

"አይጎተትም። ከተሰበረ ውስጧን ይቆርጣታል። እንጠብቃታለን።"

እትዬ ብርቅዬ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አመጡ፤ ጨው ጨመሩበት። ጋሽ አምሳሉ ገብሴን እስከ ሆዷ ውሃው ውስጥ ነክረው ያዟት። መጀመሪያ ተንፈራገጠች፤ ከዚያ ሙቀቱ ተስማማት መሰለኝ ዓይኗን ጨፈነች። በሌላው እጃቸው ከቦርሳቸው ያወጡትን ካልሲየም ምንቃሯ ላይ አንጠባጠቡላት። ውሃው ሲቀዘቅዝ እትዬ ብርቅዬ ሙቅ ይጨምራሉ። እኔ የዘይቱን ጠርሙስ ይዤ ቆሜአለሁ። ደስ የሚል ነገር ላወራ ፈለግሁ።

"ጋሼ፣ እማዬ እኮ መንታ ወለደች" አልኩ።

የጋሽ አምሳሉ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ።

"ማን ነገረሽ?"

"ብዙነሽ ለእትዬ ስትነግራቸው ሰማሁ። 'ልጁስ?' ሲሏት 'ሁለቱም' አለች። ድንኳን እየተተከለ ነው አይደል? ለክርስትናው?"

ጋሽ አምሳሉ ወደ ሚስታቸው ቀና አሉ። እትዬ ብርቅዬ የሙቅ ውሃውን ማንቆርቆሪያ እንደያዙ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከሩቅ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል።

"ዘይቱን ስጪኝ" አሉ ጋሽ አምሳሉ። "አሁን ይችን እንርዳት።"

አልዋሹኝም፤ አልነገሩኝምም። አባቴ፣ "እኔው እነግራታለሁ፤ ማንም እንዳይነግርብኝ" ብሎ ለምኗቸው ነበር። ሰው ቃሉን ለመጠበቅ ምን ያህል እንደሚታመም ያን ቀን ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ። እኔ ግን ጉልበታቸውን አሟቸው ነው ያልኩት፤ ሳፋው ሥር ብዙ ተንበርክከው ነበር።

ጓንት አጠለቁ፣ መውጫዋን ዘይት ቀቡ፣ እንደገና ወደ ሙቁ ውሃ መለሷት። ገብሴ አንድ ጊዜ ረዥም ድምፅ አወጣች፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቼ የማላውቀው ድምፅ ነው። እንቁላሉ ተንሸራቶ መዳፋቸው ላይ ወደቀ። ቅርፊቱ ሻካራ ነው፤ አንድ ጎኑን ደም ነክቶታል።

"አንድ ብቻ ነው?" አልኩ።

"አንድ ይበቃታል" አሉ።

እንቁላሉን አጥበው ሰጡኝ። ገብሴን በፎጣ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧትና ሳይነሱ ቆዩ። እትዬ ብርቅዬ፣ "ሰው እየጠበቀህ ነው እኮ" አሏቸው። "ይጠብቅ" አሉ። የዶሮዋን ጭንቅላት በአውራ ጣታቸው እየደባበሱ ከውሃው ሳፋ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተቀመጡ።

እንቁላሉን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። አራስ እንቁላል ትበላለች፤ የእናቴ ነው።

አባቴ የመጣው ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ በማለዳ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር። ጢሙ አድጓል፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። እኔ እንቁላሉን ይዤ ወደ እሱ ሮጥኩ። እሱ ግን አላነሳኝም፤ ተንበረከከና ትከሻዬን ያዘኝ።

"ሳያት" አለ። "እማዬ አትመጣም። ሞታለች።"

ሽማግሌዎቹ ነገሩን በቀስታ፣ ዙሪያውን ዞረው ሊነግሩኝ ነበር የመጡት። አባቴ አልቻለም። በአንድ ትንፋሽ ተናገረው። ሞት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ውሻ ሞቶ አይቻለሁ። ቃሉ ግን ከእናቴ ጋር አልገጠመልኝም። የገጠመልኝን ጠየቅሁ።

"መንታዎቹስ?"

"የምን መንታዎች?"

"እማዬ የወለደቻቸው። ሁለቱ።"

አባቴ ግራ ገብቶት ወደ ሰዎቹ ዞረ። እትዬ ብርቅዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደ ጓሮ ወጡ። ጋሽ አምሳሉ ጎንበስ ብለው ጆሮው ላይ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። የአባቴ ፊት ምን እንደሆነ ዛሬም በቃል ማስቀመጥ አልችልም። ሰው ተመቶ ወድቆ ሳለ እንደገና ሲመታ እንደዚያ ይሆን ይሆናል።

"አንድ ነው" አለኝ። "ወንድ ነበር።"

"የት አለ?"

"ከእሷ ጋር ነው።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። እትዬ ብርቅዬ ለእናቴ ያለቀስኩ መስሏቸው አቀፉኝ። እኔ ግን ተቆጥቼ ነበር። እሱን ይዛ ሄዳ እኔን ለምን ትታኝ ትሄዳለች? አባቴ እንቁላሉን ከእጄ ወስዶ ምን ሊያደርገው እንደሆነ ሳያውቅ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ወደ ቤት ስንሄድ እጁን ኪሱ ላይ አድርጎ በጥንቃቄ ይራመድ ነበር።

ቤቱ ለሁለት ሰው ሰፊ ሆነ። ብዙነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ፀጉሬን ትሠራኛለች። አባቴ ሽሮ መሥራት ተማረ። ገብሴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእናቴን ነጠላ ጫማ በሩ ሥር እያገኘች ትተኛበት ነበር፤ አባቴ በዚያ በኩል አያይም። ጫማውን ሊያነሳው ጎንበስ ብሎ ትቶት ሲሄድ አየሁት። ዶሮዋን የጠላት መስሎኝ ሠጋሁ።

ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ተለወጠ። የእንቁላል ቅርፊት እያደረቀ በድንጋይ ወቅጦ ከጥሬዋ ጋር ይቀላቅልላት ጀመር። ጠዋት ከቤት ሳይወጣ ሆዷን ይዳብሳል። ጋሽ አምሳሉ ናቸው የነገሩት፤ እኔም ነበርኩ። "ይኼ ነገር እንደገና ሊመጣባት ይችላል። ካየህ አትጠብቅ" አሉት። አባቴ፣ "አልጠብቅም" አለ። ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳይጠይቀው ደግሞ፣ "አልጠብቅም" አለ።

በግንቦት፣ የፈተና ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ገብሴ ከማደሪያዋ አልወጣችም። ላባዋ ተነፍቷል፤ ጅራቷ ወደ ታች ወርዷል። አባቴ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ ሊወጣ ነበር። ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ። ውሃ ሊያሞቅ ምድጃውን ለኮሰ፤ ከዚያ አጠፋው። ስልኩን አወጣ። ያን ቀን ፈተና የሚያስፈትነው እሱ ነበር። ለርዕሰ መምህሩ፣ "ቤተሰብ ታሞብኛል" ሲል ሰማሁት። እኔ አልታመምኩም፤ አባቴ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበርና አፈርኩለት።

ገብሴን በፎጣ ጠቅልሎ አቀፋት፣ እኔን በእጄ ያዘኝና ጭቃውን እየዘለልን ዋናው መንገድ ደረስን። ባጃጅ አገኘን። ጋሽ አምሳሉ የሚሠሩበት ክሊኒክ ከባህል አዳራሽ ወዲያ ነው።

"ቶሎ ንዳው" አለ አባቴ።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየና ፈገግ አለ። "ወንድሜ፣ ለዶሮ ነው እንዲህ?"

"ንዳው አልኩህ።"

ሹፌሩ ፈገግታውን ትቶ ነዳ። እኔም በልቤ ከሹፌሩ ጋር ነበርኩ፤ አባቴ አበደ አልኩ። ገብሴን እወዳታለሁ፤ ግን ለዶሮ እንዲህ አይሆንም። እሱ እየደጋገመ፣ "ደረስን፣ ደረስን" ይላታል።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስሰናዳ እትዬ ብርቅዬን ልሰናበታቸው ሄጄ፣ የእናቴን ነገር እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። የእናቴ የእንሽርት ውሃ የፈሰሰው በዋዜማው፣ አመሻሽ ላይ ነበር። እሷ፣ "ምጡ ገና ነው፤ እስኪነጋ እንጠብቅ፣ ልጅቷንም አናስደንግጣት" አለችው። አባቴም እሺ አለ። ሐኪሞቹ ማታውኑ ብትመጡ ኖሮ ይተርፉ ነበር አላሉትም። አይተርፉም ነበርም አላሉትም። "ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ ሲያስቀምጥ፣ ወንበር ሲያቃና ዋለ እንጂ አንድ ጠብታ እንባ አልወጣውም" አሉኝ እትዬ ብርቅዬ። "ሰዉ ደንዳና አለው። እኔ ግን ፈራሁለት።"

ያን ጠዋት ክሊኒኩ ስንደርስ ጋሽ አምሳሉ ገና በሩን መክፈታቸው ነበር። ገብሴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ዳበሷት፤ ፊታቸው ተለወጠ። "እንቁላሉ ውስጧ ተሰብሯል" አሉ። ለብ ባለ ውሃ እያጠቡ ቅርፊቱን በቁራጭ በቁራጭ አወጡ። መርፌ ወጓት። አባቴ ክንፎቿን ይዞ ከጎናቸው ቆሟል፤ ሸሚዙ ላይ ደምና አስኳል ፈሷል። ገብሴ አልጮኸችም። ዓይኗ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ተከደነ፤ ዶሮ እንዲህ ነው የምትጨፍነው። ጋሽ አምሳሉ ጣታቸውን ደረቷ ላይ አድርገው ቆዩና አነሱት።

አባቴ ክንፎቿን አለቀቀም።

"ቶሎ አላመጣኋትም?" አለ።

"ቶሎ ነው ያመጣሃት፣ ሞገስ።"

"እንዳየኋት ነው የወጣሁት። ውሃ እንኳ አላሞቅሁም።"

"አውቃለሁ። ምንም አላዘገየህም። አንዳንዴ ቶሎ ተመጥቶም አይሆንም።" ጋሽ አምሳሉ ጓንታቸውን አወለቁና ትከሻውን ያዙት። "ስማኝ፤ አንዳንዴ ቶሎ ተመጥቶም አይሆንም።"

አባቴ ጠረጴዛውን ተደግፎ ወረደና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በጉልበቱ ውስጥ ቀበረ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ከዚያ መጣ። አባት እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ውጭ በሬና ፍየል ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ጋሽ አምሳሉ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡና እነሱ ፊት ቆሙ፤ ማንም እንዳይገባ።

ለዶሮ ይህን ያህል የሚያለቅስ ሰው አሳዘነኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ራሱን ወደ ደረቴ ሳብኩት። ከበደኝ።

"አይዞህ አባዬ" አልኩት። "ሌላ ዶሮ እንገዛለን።"

ለቅሶው ለአንድ አፍታ ተቋረጠ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ የቆሸሸ እጁን ሸሚዙ ላይ ጠርጎ ጉንጬን ነካ።

"እሺ" አለኝ። "እንገዛለን።"

ሌላ ዶሮ አልገዛንም።